የባሮነሲቱ ቤትና ቤት አልባዎቹ ባንዶች

ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ የንጎንግ ኮረብታዎች ከሩቅ በሚታዩበት ካረን በተባለው ሰፈር፣ አንዲት ዴንማርካዊት ባሮነስ ቡና ልታለማ ሞክራ የከሰረችበት ቤት ቆሟል። ካረን ብሊክሰን ወደ ኬንያ የመጣችው በ1914 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እርሻው አልሳካ ብሎ በ1931 ጥላው ሄደች፤ ስለዚያ ኑሮዋ ጽፋ በ1937 ያሳተመችው መጽሐፍ ግን ከቡናው የተሻለ ፍሬ አፈራ። ኬንያ ነጻ ስትወጣ የዴንማርክ መንግሥት ቤቱን ገዝቶ በ1964 ለአዲሱ መንግሥት በስጦታ አበረከተ። በ1985 በመጽሐፉ ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ፊልም ወጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1986፣ ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ተከፈተ።

የዓመታቱ ቅደም ተከተል ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከስጦታው እስከ ሙዚየሙ ሃያ ሁለት ዓመት አለ፤ ከፊልሙ እስከ ሙዚየሙ ግን አንድ ዓመት ብቻ። ቤቱን ለዚህ ክብር ያበቃው ሲኒማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚገርመው ደግሞ ፊልሙ የተቀረጸው በዚህ ቤት ውስጥ ሳይሆን ባሮነሲቱ አስቀድማ በኖረችበት በሌላ ቤት መሆኑ ነው። ዛሬ በክፍሎቹ ውስጥ ከሚታዩት ዕቃዎች ከፊሎቹ የእርሷ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ለፊልሙ ተዘጋጅተው ከቀረጻው በኋላ ለሙዚየሙ የተሰጡ ናቸው። አስጎብኚው ይህን አይደብቅም። ጎብኚውም ቅር አይለውም፤ አልጋውን አይቶ፣ በአትክልቱ ሥፍራ የቆመውን አሮጌ የቡና ማድረቂያ ዞሮ፣ ፎቶግራፉን ተነሥቶ ይወጣል።

የናይሮቢ ሐበሻም ይህን ቤት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአገር ቤት ወይም ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ቀጭኔዎቹ፣ እናታቸው የሞተችባቸው የዝሆን ግልገሎች፣ ከዚያም የካረን ቤት። እንግዳው በጨዋነት ያዳምጣል፣ ይደነቃል፣ ፖስትካርድ ይገዛል። በሦስቱም ቦታዎች ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ አይሰማም፤ ይህች ከተማ የዘፈነችባቸው ቤቶች የት አሉ?

ናይሮቢ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ የሙዚቃ መዲና ነበረች። ደራሲው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የሚያከራክረውን «ማላይካ» ፋዲሊ ዊልያም ለሸክላ ያበቃው በዚህች ከተማ ነው። ኢኳተር ሳውንድ በተባለው ስቱዲዮ ዙሪያ ዳውዲ ካባካ፣ ገብርኤል ኦሞሎ፣ ናሺል ፒቼንና ሌሎችም ተሰባስበው አንድ ትውልድ የጨፈረባቸውን ዜማዎች አወጡ። የካባካን «ሄሉሌ ሄሉሌ» በ1968 ትሬሚሎዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፍኖ በገዛ አገሩ ገበያ ላይ አውጥቶታል። ሲምባ ዋንይካ ከታንዛኒያ፣ ሱፐር ማዜምቤ ከኮንጎ ፈልሰው እዚህ ከተሙ። ማታታ የተባለው የናይሮቢ ባንድ ደግሞ ጊታሩን ተሸክሞ ሎንዶን ገብቶ በዚያ ሸክላ አሳተመ። የዚህ ሁሉ ገበያ ማእከል ሪቨር ሮድ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው በአውቶቡስ ትኬትና በጅምላ ሸቀጥ የሆነው ያው ሪቨር ሮድ። ሸክላው የተሸጠበት ሱቅ የትኛው እንደ ነበር፣ ባንዶቹ የተለማመዱበት ጓሮ የቱ እንደ ነበር ለመጪው የሚያሳይ ቤት የለም። ቡናው የከሰረበት ቤት ተጠብቋል፤ ሙዚቃው የበለጸገበት ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። «ሙዚየም» እና «ሙዚቃ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተገኙት የጥንት ግሪኮች የኪነ ጥበባት አማልክት አድርገው ያመልኳቸው ከነበሩት ከሙዛዎች ስም ነው። በአማርኛ «ቤተ መዘክር» ሲባል ዝምድናው ይጠፋል፤ በምትኩ ከግእዝ የመጣው ዝክር ይገባል። ሁለቱም ቃላት መልካም ናቸው። አሳዛኙ ነገር ግን በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ቤተ መዘክር ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው አጥንት፣ ዘውድ፣ ጋሻና የንጉሥ አልጋ መሆኑ ነው። የጊታር ማጉያ፣ የተቃጠለ የድምፅ ማጉሊያ፣ በእጅ የተጻፈ የዘፈን ዝርዝር ከዝክር ቤት ደጃፍ አይደርስም።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደ ተያዘ ለማየት ወደ ሊቨርፑል መሄድ ይጠቅማል። ቢትልስ የተባለው ባንድ መሥራች ከሆኑት አንዱ ፖል ማካርትኒ ከ1955 እስከ 1964 ከቤተሰቡ ጋር የኖረበት ቤት በፎርትሊን መንገድ 20 ቍጥር ይገኛል። ማዘጋጃ ቤት ሠርቶ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚያከራየው፣ ከጎረቤቱ ጋር በግድግዳ የተያያዘ፣ በመልኩ ከመቶ መሰሎቹ የማይለይ ቤት ነው። በአማርኛ የሚመጥነው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ ቤት። እናቱ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ እዚያ ከገቡ ብዙም ሳይቈዩ በ1956 ሞተች። አባቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆች ብቻውን አሳደገ። ጆን ሌነን ከትምህርት ቤት እየቀረ የሚመጣው ወደዚህ ቤት ነበር፤ ሁለቱ ልጆች በፊት ለፊቱ ክፍል ጊታራቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠው ዜማ ይደርሱ ነበር።

ናሽናል ትረስት የተባለው የእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ይህን ቤት በ1995 ገዛው። ድርጅቱ በይበልጥ የሚታወቀው የመሳፍንትን ግንብና ሰፋፊ ርስት በመጠበቅ ነው። የጆን ሌነንን አክስት ቤት ደግሞ ዮኮ ኦኖ በ2002 ገዝታ ለዚሁ ድርጅት ሰጠችው፤ በ2003 ተከፈተ። ጎብኚ በሚኒባስ በጥቂት በጥቂቱ ይወሰዳል፤ በውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። የሚታየውም ወርቅና ዕንቍ አይደለም፤ ጠባብ ወጥ ቤት፣ አሮጌ ራዲዮ፣ የወለል ምንጣፍ፣ በጓሮ ያለ መጸዳጃ ቤት። ጎብኚው ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህች ጠባብ ክፍል መውጣቱን በዓይኑ ለማረጋገጥ። የእንግሊዝ መኳንንት ግንቦች ጠባቂ ለአንድ የቀበሌ ቤት ቁልፍ ተቀበለ፤ ማንም አልተዋረደም።

ኢትዮጵያ ግን የጥበብ ሰው መኖሪያ የመጠበቅ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ በ1880ዎቹ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ኖሯል፤ በ1891 ሞተ። በስሙ የሚጎበኘው ያ ውብ የእንጨት ቤት ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። እንግዲህ ያልኖረበት ቤት ታድሶ፣ ባለቀለም መስኮቱ ተጠግኖ፣ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ተሰቅሎበት ይጎበኛል። ናይሮቢ ለባሮነስ የፊልም ዕቃ አስቀመጠች፤ ሐረር ለባለ ቅኔ ያልገባበትን ቤት ሰጠች። ሁለቱም ደግ ሥራ ነው፤ እንግዳን ማክበር ነውር የለበትም። ነገር ግን «ድሃ አገር ነው፣ ለቤተ መዘክር ገንዘብ የለም» የሚለውን ሰበብ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ላይ ያፈርሱታል። ለእንግዳው ከተገኘ ለባለቤቱ የጠፋው ገንዘብ ሊሆን አይችልም።

የጠፋው ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ከገንዘብ ይልቅ ወደ አመለካከት ያዘነብላል። አዝማሪ በኢትዮጵያ ባህል የሚወደድ እንጂ የሚከበር ሰው አልነበረም። ሲያወድስ ይሸለማል፣ ሲነካ ይባረራል፤ ከግብር ቤት ወደ ጠጅ ቤት ይዞራል፤ የሚያድረው በጋባዡ ደጅ ነው። «እገሌ ቤቱ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለአዝማሪ አይቀርብም ነበር። ዘመናዊው ሙዚቀኛ ሲመጣም ቤት አላገኘም፤ ካምፕ ነው ያገኘው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አባላት ደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠም ዝናው የገነነው በክብር ዘበኛ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የግል ባንዶች ደግሞ ሌላ ማደሪያ አገኙ፤ ሆቴል።

ይህ የሆቴሎች ዘመን በቅጡ አልተጻፈም። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ በግዮን፣ ዋልያስ ባንድ በሂልተን። አይቤክስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን በ1975 ሠራ፤ በ1976 ደግሞ በራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ዜማዎች ቀዳ። ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ይኸው ቡድን ነው፤ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያዊ በታክሲው፣ በቡና ቤቱና በሠርጉ ካደመጣቸው ካሴቶች እጅግ የበዙት በሮሃ እጅ ያለፉ ናቸው። ዋልያስ በ1977 «ቼ በለው»ን አወጣ። ኃይሉ መርጊያ ኋላ እንደ ተናገረው፣ በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ ስለ ነበረ ሙዚቃውን ሊሰማ የገባ ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም ነበር። በሩ ይዘጋል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል፤ አድማጩም እስኪነጋ ይቈያል። በውጭ ጥበቃው በጠብመንጃ መንገዱን ይዞ፣ በየማለዳው በየመንገዱ አስከሬን በሚገኝበት ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ጎሕ እስኪቀድ ድረስ ይጨፍሩ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ያንን ክፍል ማየት አይፈልግምን? መድረኩ የት ጋ ነበር፣ አድማጩ የት ተቀምጦ አነጋ፣ በሩ በየት በኩል ይዘጋ ነበር? ይህ ተራ ናፍቆት አይደለም። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በመስቀል አደባባይ በ2010 ተከፍቷል፤ የሞቱት እዚያ ይታሰባሉ፤ መታሰባቸውም የግድ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሌሊት ሰዎች እንዴት ሰው ሆነው እንዳነጉ የሚያሳየው ክፍል ግን ምልክት እንኳ የለውም። ዘመኑን በሞት ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግማሹን ነው የሚያውቀው።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። በአየር ማረፊያው ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። በ1985 ብቻውን የሠራት ካሴት ለብዙ ዓመት ተረስታ ኖራ በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደ ገና ሲያወጣት ዓለም ፈለገው፤ እርሱም ታክሲውን ይዞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙትን ቅጂዎች በተከታታይ ያሳተመው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ፈረንሳዊ ነው። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል እንጂ መውቀስ አይገባም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ የሚቈጠርበት አገር መዳቡን ላነሣው ሰው ምን ይለዋል?

የአምኃ እሸቴ ነገር ለናይሮቢ አንባቢ በተለይ ቅርብ ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወጣት በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ፤ የዓለማየሁ እሸቴም፣ የሙላቱ አስታጥቄም፣ የማሕሙድም ድምፅ በእርሱ ምልክት ስር ታተመ። የሙዚቃ ሱቁ ስም ማን ይባል ነበር? «ሐራምቤ»። በስዋሂሊ «በአንድነት እንጎትት» ማለት የሆነው፣ በኬንያ መንግሥት ዐርማ ላይ የተጻፈው ያው ቃል! ለኬንያ ነጻነት ዘመን ሰላምታ የሆነ ስም በአዲስ አበባ የሸክላ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቃል የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ቅርስ ከየት ይመጣል? አምኃ በ2021 አረፈ። የናይሮቢ ሐበሻ ልጆች ግን «ሐራምቤ» የሚለውን በትምህርት ቤት ይማሩታል እንጂ አባቶቻቸው በዚህ ስም በር ስር ሸክላ ይገዙ እንደ ነበር የሚነግራቸው የለም።

አሁን ወደ ሚያመው ነገር። በ2024 መጀመሪያ ወራት የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተወሰደ። ከፈረሱት እጅግ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ በ1975 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ወርሷቸው፣ ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር በታች ስለ ነበር ለቀበሌ የተሰጡት ቤቶች። የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ፣ ተዋናይ፣ የቡና ቤት አስተናጋጅ፣ ድምፅ ቀጂ ይኖር የነበረው በእነዚህ ነው። ሀገር ፍቅር ቴያትር ራሱ በዚሁ በፒያሳ የቆመ ነው፤ መድረኩን የጨረሰ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ፍርስራሹን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። ቤቶቹ ያረጁ ነበሩ፤ ጣሪያቸው ያፈሳል፤ ለዐሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበር። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ለትዝታው ሲል ሌላው በጭቃ ቤት ይኑርለት ማለት ግፍ ነው። እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ማንም ሰው ለሌላው ትዝታ ማገዶ ሊሆን አይገባም። ይሁን እንጂ ከሺህ ቤት አንዱን ማስቀረት ማንንም በጭቃ አያስቀምጥም። ሊቨርፑልም እኮ ሁሉንም የማዘጋጃ ቤት ቤቶች ሙዚየም አላደረገችም። ከመፍረሱ በፊት «እዚህ ማን ኖረ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው፣ መልሱን የሚመዘግብ አንድ መዝገብ ቢኖር ኖሮ የዛሬው ጸጸት ግማሽ ይሆን ነበር። ቡልዶዘሩ ከቤቱ ጋር የነዋሪውን አድራሻ ጭምር ወሰደው።

«ሙዚቃው በካሴት አለ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ይገኛል፤ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ካረን ሲሄዱ መጽሐፉ በየሱቁ እንደሚሸጥ ይዘነጉታል። የባሮነሲቱ ቃል በመጽሐፏ ሳለ ሰው ለምን ቤቷን ሊያይ ይሄዳል? ጽሑፉ የማይናገረውን ቤቱ ስለሚናገር ነው፤ የክፍሉን ስፋት፣ የብርሃኑን መግቢያ፣ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየውን። ሙዚቃም እንዲሁ ነው። የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ቅጂዎች ድምፅ እንዲያ የሆነው በአንድ ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጫወቱ፣ የሳተ ሰው ካለ ከመጀመሪያው ስለሚደገም ነው። ይህን ለተማሪ በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ በክፍሉ መሀል ቆሞ ማስረዳት ግን ሌላ ነው።

ሐውልት የሚመርጡትስ? ሐውልት ርካሽ ክብር ነው። አንድ ቀን ይመረቃል፣ ሪባን ይቈረጣል፣ ባለሥልጣን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ርግብ ይሰፍርበታል። ሐውልት የቆመለት ዘፋኝ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ከበሮ መቺው፣ ባስ ጊታሪስቱ፣ ሳክስፎኒስቱ የሉም። ባንድ ማለት ደግሞ እነርሱ ናቸው። ቤት ቢሆን ሁሉም ወንበር ይኖራቸው ነበር።

በአፍሪካ ይህ አይቻልም የሚል ካለ ሌጎስን ይጎብኝ። ፌላ ኩቲ ከባንዱና ከቤተሰቡ ጋር «ካላኩታ ሪፐብሊክ» ብሎ በሰየመው ግቢ ይኖር ነበር። በ1977 ወታደሮች ግቢውን ወረሩ፣ አቃጠሉ፤ አሮጊት እናቱን ከመስኮት ወረወሯቸው፤ በማግሥቱ ዓመት አረፉ። አጣሪ ኮሚሽኑ ጥፋተኛው «ያልታወቀ ወታደር» ነው ብሎ ዘጋው። ፌላ ኋላ ኢኬጃ ውስጥ በሌላ ቤት ኖረ፤ በ1997 ሞቶ በዚያው ግቢ ተቀበረ። በ2012 ይህ ቤት በሌጎስ ክፍለ ግዛት መንግሥት ድጋፍ የካላኩታ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። መኝታ ክፍሉ እንዳለ ነው፤ ጫማዎቹ ተደርድረዋል፤ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር ተሰቅሏል። ጨዋ ሰው ሊያፍርበት ይችል ይሆናል። ነገር ግን ናይጄሪያውያን ፌላን ቅዱስ አድርገው አላቀረቡትም፤ ሰው አድርገው ነው ያቀረቡት። ቤቱም ሙት አይደለም፤ ጣሪያው ላይ መጠጥ ይሸጣል፣ ሙዚቃ ይሰማል። ቤተ መዘክር ሙዚቃን ይገድላል ለሚሉት ጥሩ መልስ ነው።

ሁሉን ለመንግሥት መተው ግን የት እንደሚያደርስ ናይሮቢ ራሷ አሳይታለች። በ1966 ለጥቂት ወራት የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆሴፍ ሙሩምቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአፍሪካን ጥበብና ብርቅ መጻሕፍት ያሰባሰቡ ሰው ነበሩ። የሙታይጋ መኖሪያቸውን ለመንግሥት የለቀቁት የአፍሪካ ጥናት ተቋም ይሆናል በሚል ተስፋ ነበር። ስብስቡ በከፊል ድኗል፤ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በናይሮቢ ጋለሪ ይታያል። ቤቱ ግን ፈረሰ፤ የታሰበው ተቋምም አልቆመም። ሙሩምቢ በ1990 አረፉ። የዴንማርክ ስጦታ ቆሞ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ስጦታ መፍረሱ ለማንም ኬንያዊ የሚያኰራ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠው ሥራ የተገኘው ከግለሰቦችና ከትንንሽ ማኅበሮች ነው። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የእጅ ጽሑፎችን፣ የጥንት ዕቃዎችንና የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን ለዓመታት ሲያሰባስቡ ቈይተው ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፤ ስብስባቸው ከ2007 ጀምሮ በዚያ ይጎበኛል። በናይሮቢ ደግሞ ኬቴቡል ሙዚክ የተባለው ቡድን የቤንጋን ሙዚቃ ታሪክ ከአዛውንቶቹ አፍ እየቀዳ በ2008 በመጽሐፍና በምስል አወጣው። ሁለቱም የጀመሩት ከሕንፃ አይደለም፤ ከመጠየቅ ነው።

የናይሮቢ ሐበሻ ለዚህ ሥራ ከሚያስበው በላይ የቀረበ ነው። ከ1991 ወዲህ በዚህች ከተማ ያለፈው ኢትዮጵያዊ ቍጥር ስፍር የለውም፤ በኢስሊ ፎቆች ውስጥ ፕሮሰስ ሲጠብቅ ዓመታት ያሳለፈው ሰው ሻንጣው ውስጥ ካሴት ነበረው። የሆቴል አስተናጋጅ የነበረ፣ ለባንድ ዕቃ የተሸከመ፣ ለፖሊስ ኦርኬስትራ ጥሩምባ የነፋ፣ የሸክላ ሱቅ የጠበቀ ሰው ዛሬም በኪሊማኒና በሐርሊንጋም ጉርብትና ይገኛል። ማኅበራቱ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት በዓል አዳራሽ ይከራያሉ፣ ዘፋኝ ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፣ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ከዚያ ወጪ ጥቂቱ ለአንድ መቅረጫና ለአንድ ወጣት የመመላለሻ ዋጋ ቢውል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ መዝገብ ይሞላ ነበር፤ ስም፣ የተጫወቱበት ባንድ፣ የኖሩበት ሰፈር፣ የቤት ቍጥር፣ የተለማመዱበት ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ። በአዲስ አበባም ገና ያልፈረሰ ሰፈር አለ፤ መዝገቡ ቡልዶዘሩን ሊቀድም የሚችልበት ጊዜ በሳምንታት ይቈጠር እንደሆነ እንጂ አላለፈም።